የቤዝ ጊታር የመጀመሪያ ኖታዎች፦ አንድ ሕግና ሰማንያ አራት ቦታዎች

ቤዝ ጊታርን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የቦታዎቹ ብዛት ነው። የተለመደው ቤዝ ጊታር አራት አውታሮች አሉት። በአንገቱ ላይ ደግሞ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም ተደርድረዋል፤ ቁጥራቸውም በብዙዎቹ መሣሪያዎች 20 ወይም ከዚያ በላይ ነው። 20 ፍሬቶች ባሉት መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ አውታር ሳይጫን የሚሰጠውን ድምፅ ጨምሮ 21 ድምፆችን ያወጣል። አራቱ አውታሮች በአንድነት 84 ቦታዎች ይኖሯቸዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃል ለመያዝ ተነሥተው ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆዩ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ «የሙዚቃ ጆሮ አልተሰጠንም» ብለውም የደመደሙ ብዙዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ድምዳሜው ስሕተት መሆኑን ነው። 84ቱ ቦታዎች የሚሰጡት 36 የተለያዩ ድምፆችን ብቻ ነው፤ 36ቱ ድምፆች ደግሞ በ12 ስሞች ይጠቃለላሉ፤ 12ቱም ስሞች ከአንድ ቁጥር ይመነጫሉ። ይህን ቁጥርና ከበስተጀርባው ያለውን የአውታር ሕግ የተረዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ያለ መምህር ሊያገኛቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ድምፅ ሲበላሽ ጥፋቱ የጆሮው ይሁን የመሣሪያው ለይቶ ማወቅ ይችላል።

አውታር ድምፅን የሚወስነው በምንድን ነው?

በሁለት ድጋፎች መካከል የተወጠረ አውታር ሲነካ በሴኮንድ የተወሰነ ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ድግግሞሽ እንለዋለን፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ድግግሞሹ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ሆኖ ይሰማናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፉ እንደዘረዘረው የአንድ አውታር ድግግሞሽ በሦስት ነገሮች ይወሰናል። ሕጉን እንደሚከተለው ልንጽፈው እንችላለን፦

ድ = (1 ÷ 2ር) × √(ው ÷ ግ)

በዚህ ቀመር ውስጥ «ድ» ድግግሞሽ፣ «ር» የሚርገበገበው የአውታር ክፍል ርዝመት፣ «ው» አውታሩ የተወጠረበት ኃይል፣ «ግ» ደግሞ የአንድ ሜትር አውታር ግዝፈት፣ ማለትም በውስጡ ያለው ቁስ መጠን ነው።

ከዚህ ሕግ ሦስት ውጤቶች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ በእጥፍ ያድጋል። ሁለተኛ፣ ውጥረትን በመጨመር ብቻ ድግግሞሹን እጥፍ ማድረግ ብንሻ ኃይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ይኖርብናል፤ መቃኛው በጥንቃቄ መዞር ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ አውታሩ ሲከብድ ድምፁ ይወፍራል።

ሦስተኛው ውጤት የቤዝ ጊታርን አውታሮች ቅርጽ ያብራራልናል። በተለመደው ቤዝ ጊታር ላይ በአንገቱ ጫፍ ካለው የላይ ድጋፍ አንሥቶ በአካሉ ላይ እስካለው ድጋፍ ድረስ ያለው ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን የታችኛውን ድጋፍ እንደ ክራርና እንደ በገና ሁሉ «ብርኩማ» ብለን እንጠራዋለን። የቀጭኑ አውታር ድግግሞሽ 98 ኸርዝ ሲሆን የወፍራሙ 41.2 ኸርዝ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ጋር በአንድ ዓይነት ሽቦና በአንድ ዓይነት ውጥረት ለማግኘት ብንፈልግ፣ አውታሩ 2.05 ሜትር ርዝመት ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማንም በትከሻው አንጠልጥሎ ሊጫወትበት አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ርዝመቱንና ውጥረቱን ተቀራራቢ አድርገው በመተው ግዝፈቱን ይጨምራሉ፤ በአንዱ የብረት ሽቦ ዙሪያ ሌላ ሽቦ ይጠመጥማሉ። ውጥረቱ እኩል ከሆነ የወፍራሙ አውታር አንድ ሜትር ከቀጭኑ አንድ ሜትር 5.66 ጊዜ ያህል መክበድ አለበት። አንባቢያችን ቀመሩን ተጠቅሞ ይህን ውጤት ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

አራቱ አውታሮችና ቅኝታቸው

አራቱ አውታሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ የሚከተሉት ናቸው፦

ሚ — 41.20 ኸርዝ
ላ — 55.00 ኸርዝ
ሬ — 73.42 ኸርዝ
ሶል — 98.00 ኸርዝ

በኤሌክትሮኒክ መቃኛ የሚጠቀሙ ተማሪዎች እነዚህኑ በእንግሊዝኛ ፊደላት ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ተብለው ያገኟቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። በፊደል አጠራር «ሲ» የሚባለው ኖታ በእኛ አቆጠር «ዶ» ሲሆን፣ እኛ «ሲ» የምንለው ደግሞ በፊደሉ አጠራር «ቢ» ነው። ሁለቱን አጠራሮች የደባለቀ ተማሪ በአንድ ፍሬት ይሳሳታልና አንዱን መርጦ መያዝ ይበጃል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ በሚለው እንቀጥላለን።

ኤሌክትሮኒክ መቃኛ የሌለው ተማሪ አንዱን አውታር ከፒያኖ ወይም ከሌላ ከተቃኘ መሣሪያ ጋር ካስተካከለ በኋላ ሌሎቹን እርስ በርሳቸው ሊቃኛቸው ይችላል። የሚ አውታር 5ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት የላን ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያልተጫነውን የላ አውታር ከዚህ ድምፅ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ መቃኘት ነው። የላ 5ኛ ፍሬት ሬን፣ የሬ 5ኛ ፍሬት ደግሞ ሶልን ይሰጣል።

«እስኪመሳሰል ድረስ» ያልነውን ጆሮ እንዴት ያውቀዋል? ድግግሞሻቸው በጥቂቱ የሚለያይ ሁለት ድምፆች በአንድነት ሲሰሙ አንድ ጊዜ እየተደጋገፉ፣ አንድ ጊዜ እየተጣፉ ስለሚሄዱ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚሰማው የመዋዠቅ ብዛት ከሁለቱ ድግግሞሾች ልዩነት ጋር እኩል ነው። አንዱ 55፣ ሌላው 53 ኸርዝ ቢሆን በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ይዋዥቃል። መቃኛውን ስናዞር መዋዠቁ እየዘገየ ከሄደ ወደ ትክክለኛው ቅኝት እየተቃረብን ነው፤ እየፈጠነ ከሄደ እየራቅን ነው፤ ሲጠፋ ደርሰናል። ስለሆነም መቃኘት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ተሰጥኦ አይደለም፤ የመዋዠቅን ፍጥነት መቁጠር የሚችል ሁሉ ይቃኛል።

ፍሬቶቹ ለምን እየተቀራረቡ ይሄዳሉ?

የቤዝ ጊታርን አንገት ልብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ ፍሬቶቹ በእኩል ርቀት እንዳልተደረደሩ ያያል። በላይ ድጋፉ አካባቢ ይራራቃሉ፤ ወደ አካሉ ሲጠጉ ይቀራረባሉ። ምክንያቱ የጆሯችን ጠባይ ነው። ጆሮ የድምፆችን ርቀት የሚለካው በድግግሞሾቹ ልዩነት ሳይሆን በንጽጽራቸው ነው። ከ41.2 ወደ 82.4 ኸርዝ ያለውን ጉዞና ከ82.4 ወደ 164.8 ኸርዝ ያለውን ጉዞ ጆሮ እኩል ርምጃ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ሁለቱም የእጥፍ ርምጃዎች ናቸውና። ይህ የእጥፍ ርምጃ ኦክታቭ ይባላል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ኖታዎችም በአንድ ስም ይጠራሉ።

በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 እኩል ርምጃዎች እንዲኖሩ ከፈለግን እያንዳንዱ ርምጃ ድግግሞሹን በአንድ ቋሚ ቁጥር ማባዛት አለበት። ያ ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ነው፤ ዋጋውም 1.0595 ያህል ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ቁጥር ይኸው ነው። አንድ ፍሬት ወደ ፊት መሄድ ድግግሞሹን በ1.0595 ማባዛት፣ ርዝመቱንም ለዚሁ ቁጥር ማካፈል ነው። ሰባት ፍሬት ወደ ፊት መሄድ ሰባት ጊዜ ማባዛት ነው። እጅ ሲደምር ጆሮ ያባዛል፤ ሎጋሪዝም የተማረ አንባቢያችን የቤዝ ጊታር አንገት በእንጨትና በብረት የተሠራ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ መሆኑን ወዲያውኑ ይገነዘባል።

ይህ ቁጥር በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም። የጋሊሌዮ አባት የነበረው ሙዚቀኛ ቪንቼንዞ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው ሥራው ፍሬት ሲደረደር የቀረው ርዝመት በየጊዜው አንድ አሥራ ስምንተኛ እንዲቀነስለት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዘዴው ለእጅ ሥራ ቀላል ቢሆንም ጥቂት ስሕተት አለበት። በ864 ሚሊ ሜትር አውታር ላይ ብንጠቀምበት 12ኛው ፍሬት መሆን ካለበት ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ድጋፉ ይቀርባል፤ ድምፁም ከእጥፍ በታች ይሆናል። በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል የነበረው ዡ ዛይዩ ግን እ.ኤ.አ. በ1584 ቁጥሩን በብዙ አሃዝ ትክክለኛነት አስልቶታል። በዛሬው አሠራር ለ18 በመካፈል ፈንታ ለ17.817 ይካፈላል፤ ስሕተቱም ይወገዳል።

በዚህ መንገድ ለሚ አውታር የተሰላው ሠንጠረዥ የሚከተለው ነው። የመጨረሻው ቁጥር ፍሬቱ ከላይ ድጋፉ የሚርቅበት መጠን ነው።

ያልተጫነ — ሚ — 41.20 ኸርዝ — 0
1ኛ ፍሬት — ፋ — 43.65 ኸርዝ — 48.5 ሚሊ ሜትር
2ኛ ፍሬት — ፋ ሻርፕ — 46.25 ኸርዝ — 94.3 ሚሊ ሜትር
3ኛ ፍሬት — ሶል — 49.00 ኸርዝ — 137.5 ሚሊ ሜትር
4ኛ ፍሬት — ሶል ሻርፕ — 51.91 ኸርዝ — 178.2 ሚሊ ሜትር
5ኛ ፍሬት — ላ — 55.00 ኸርዝ — 216.7 ሚሊ ሜትር
7ኛ ፍሬት — ሲ — 61.74 ኸርዝ — 287.3 ሚሊ ሜትር
12ኛ ፍሬት — ሚ — 82.41 ኸርዝ — 432.0 ሚሊ ሜትር

የመጀመሪያው ፍሬት ክፍተት 48.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ12ኛው 25.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ12ኛው በኋላ ሁሉም ነገር በግማሽ መጠን እንደገና ይጀምራል።

ፍሬት ለቤዝ ጊታር ያለውን ዋጋ ከታሪኩም መረዳት ይቻላል። ቀደም ሲል የሙዚቃ ጓዶች ወፍራሙን ድምፅ የሚያገኙት ቆመው ከሚጫወቱበት ትልቁ ኮንትራባስ ነበር፤ ይህ መሣሪያ ፍሬት የለውም። ፖል ታትማርክ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ በሲያትል ከተማ ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያውን በዓለም ያስፋፋው ካሊፎርኒያዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው ሥራ ነው። ስሙንም «ፕሪሲዥን»፣ ማለትም «ትክክለኛነት» አለው፤ ፍሬቶቹ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ ያለ ግምት እንዲያገኝ ያስችሉታልና።

ሕጉን ማመን፣ መሣሪያውን መመርመር

ከራሳችን ተሞክሮ አንድ ነገር እንጨምር። በተማሪነታችን ዘመን በውሰት ባገኘነው አንድ ቤዝ ጊታር ስንለማመድ ያልተጫኑት አውታሮች በሚገባ ተቃኝተው ሳለ፣ ወደ አካሉ ቀረብ ብለን የምንጫወታቸው ኖታዎች ሁሉ የቀጠኑ ሆነው ያስቸግሩን ነበር። ለሳምንታት ያህል ጥፋቱን በጆሯችንና በጣቶቻችን ላይ ጣልን። በመጨረሻ ማስመሪያ አምጥተን ስንለካ ከላይ ድጋፉ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት 432 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብርኩማው ያለው 427 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብርኩማው ወደ ፊት ተገፍቶ ነበር። ጉድለቱ የተሰጥኦ ሳይሆን የ5 ሚሊ ሜትር ነበር ማለት ነው።

ይህን ምርመራ ማንም ተማሪ ያለ ማስመሪያ እንኳ ሊያካሂደው ይችላል። በመጀመሪያ አውታሩን ልክ በ12ኛው ፍሬት አናት ላይ ሳይጫኑ በጣት ብቻ ነካ አድርጎ መምታትና ወዲያውኑ ጣትን ማንሣት፤ ደወል የሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሃርሞኒክ ይባላል፤ አውታሩ በሁለት እኩል ክፍሎች ሲርገበገብ የሚፈጠር ስለሆነ በፍሬቱ ቦታ ላይ አይመረኮዝም። ቀጥሎ እዚያው 12ኛው ፍሬት ላይ አውታሩን ተጭኖ መምታት። ሁለቱ ድምፆች እኩል ከሆኑ መሣሪያው ትክክል ነው። የተጫነው ከቀጠነ አውታሩ አጥሯልና የብርኩማውን መደገፊያ ወደ ኋላ ማራቅ፤ ከወፈረ ደግሞ ወደ ፊት ማቅረብ ያስፈልጋል። አውታር ሲጫን በጥቂቱ ስለሚወጠር በትክክል የተስተካከለ ብርኩማ ከ12ኛው ፍሬት የሚርቀው ከ432 ሚሊ ሜትር ጥቂት በልጦ ነው።

እጅና የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች

አሁን ወደ ተግባር እንለፍ። የቀኝ እጅ አውራ ጣት በሚ አውታር ወይም በማግኔቱ ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ጠቋሚና መሐል ጣት እየተፈራረቁ አውታሩን ይመታሉ። የግራ እጅ ጣት የሚጫነው በፍሬቱ አናት ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ኋላ፣ በላይ ድጋፉ በኩል፣ በጣም ተጠግቶ ነው። ርዝመቱን የሚወስነው ፍሬቱ እንጂ ጣቱ አይደለም፤ የጣቱ ሥራ አውታሩን በፍሬቱ ላይ አጽንቶ መያዝ ብቻ ነው። ጣት ከፍሬቱ ሲርቅ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይሉ ካነሰም አውታሩ በፍሬቱ ላይ ይንጫጫል።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት ያለው ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል። በዚህ አካባቢ የኮንትራባስ ተጫዋቾችን ልማድ በመከተል ለ1ኛው ፍሬት ጠቋሚ፣ ለ2ኛው መሐል፣ ለ3ኛው ትንሹን ጣት መጠቀምና እጅን ማንቀሳቀስ ይመረጣል። ሕመም የተሰማው ተማሪ ወዲያውኑ ማረፍ ይገባዋል።

ሻርፕና ፍላት የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች በሚከተለው ሁኔታ ይገኛሉ፦

በሚ አውታር፦ ያልተጫነው ሚ፣ 1ኛው ፍሬት ፋ፣ 3ኛው ሶል።
በላ አውታር፦ ያልተጫነው ላ፣ 2ኛው ፍሬት ሲ፣ 3ኛው ዶ።
በሬ አውታር፦ ያልተጫነው ሬ፣ 2ኛው ፍሬት ሚ፣ 3ኛው ፋ።
በሶል አውታር፦ ያልተጫነው ሶል፣ 2ኛው ፍሬት ላ፣ 4ኛው ሲ፣ 5ኛው ዶ።

በሚና በፋ፣ እንዲሁም በሲና በዶ መካከል አንድ ፍሬት ብቻ፣ በሌሎቹ መካከል ሁለት ፍሬት መኖሩን ልብ ይሏል። ተማሪው እያንዳንዱን ኖታ ሲመታ ስሙን በአፉ ቢጠራ ቶሎ ይያዝለታል።

የቀረውን ሁሉ በሦስት ደንቦች ማግኘት ይቻላል። ሁለት ተከታታይ አውታሮች በ5 ፍሬት ስለሚለያዩ ወደ ቀጣዩ ቀጭን አውታር መሻገር 5 መደመር ነው። ስለዚህ፦

ሀ. በዚያው ፍሬት ወደ ቀጣዩ ቀጭን አውታር ብንሻገር 5 ርምጃ ወጣን፤ ከዶ ወደ ፋ እንደመሄድ ነው።
ለ. አንድ አውታር ተሻግረን ሁለት ፍሬት ብንጨምር 5 ሲደመር 2፣ 7 ርምጃ ወጣን፤ ከዶ ወደ ሶል እንደመሄድ ነው።
ሐ. ሁለት አውታር ተሻግረን ሁለት ፍሬት ብንጨምር 10 ሲደመር 2፣ 12 ርምጃ ወጣን፤ ይህም ሙሉ ኦክታቭ ነው።

እነዚህ ደንቦች በአንገቱ ላይ የትም ቢሆን አይለወጡም። አንድ ኖታን ያወቀ ጓደኞቿን ሁሉ ያገኛል።

አራቱ ቅኝቶች በአሥራ ሁለት ርምጃዎች

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው መለማመጃ የገዛ ቅኝቶቻችን ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባዳበረው ኢትዮ-ጃዝ ውስጥ አምስቱ የቅኝት ድምፆች በ12 ድምፅ ከተቃኙ መሣሪያዎች ጋር በአንድነት ተሰምተዋል። ቅኝቶቹ በዘመናዊ ኖታ ሲጻፉ በብዛት የሚታወቁባቸው ርምጃዎች በፍሬት ቁጥር እነዚህ ናቸው፦

ትዝታ፦ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3
ባቲ፦ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2
አምባሰል፦ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4
አንቺሆዬ፦ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3

አንባቢያችን የእያንዳንዱን መስመር ቁጥሮች ቢደምር ሁልጊዜ 12 ያገኛል፤ አምስት ርምጃ ተጉዘን ኦክታቩን እንዘጋለንና። ትዝታና ባቲ ከዚህ ሌላ ሁለተኛ መልክም አላቸው፤ እዚህ የሰጠነው ለጀማሪ የሚቀለውን ነው።

ትዝታን ከዶ ጀምረን በቤዝ ጊታር እንጫወት፦ ዶ (የላ 3ኛ ፍሬት)፣ ሬ (የላ 5ኛ)፣ ሚ (የሬ 2ኛ)፣ ሶል (የሬ 5ኛ)፣ ላ (የሶል 2ኛ)፣ ዶ (የሶል 5ኛ)። 2ኛውን ፍሬት በጠቋሚ፣ 3ኛውን በመሐል፣ 5ኛውን በትንሹ ጣት ብንይዝ እጃችን ከቦታው ሳይነቃነቅ ቅኝቱን ይጨርሳል። ወጥተን በመውረድ ደጋግመን መጫወት፣ ፍጥነትን ሳይሆን የድምፆቹን እኩልነት መከታተል ይኖርብናል።

እዚህ ላይ ግን የፍሬት ወሰን ይታየናል። 12ቱ እኩል ርምጃዎች ስምምነት ናቸው እንጂ የተፈጥሮ ግዴታ አይደሉም። ዶና ሶል በተፈጥሯዊ ንጽጽር ሲቃኙ 1 ለ 1.5 ናቸው፤ በፍሬት ደግሞ 1 ለ 1.4983 ይሆናሉ፤ ልዩነቱን ጆሮ አይጠረጥረውም። ዶና ሚ ግን በተፈጥሯዊ ንጽጽር 1 ለ 1.25 ሲሆኑ በፍሬት 1 ለ 1.2599 ናቸው። ይህን ልዩነት የሠለጠነ ጆሮ ይሰማዋል። ክራር የሚቃኘው በጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን የሚያሳርፈው ፍሬት በሌለው አውታር ላይ ነው። እነርሱ ሚን በተፈጥሯዊው ቦታ ቢያስቀምጧትና ቤዙ በፍሬቱ ቢጸና ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ይዋዥቃሉም።

መፍትሔው የመሣሪያው ሳይሆን የተጫዋቹ ነው። ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር የሚጫወት ቤዝ ተጫዋች በቅድሚያ መሣሪያውን በቅኝቱ መነሻ ድምፅ ልክ ይቃኝ እንጂ ክራሩ ወደ እርሱ እንዲመጣ አይጠብቅ። ከዚያም በመነሻዋ ድምፅና ከእርሷ 7 ርምጃ በምትርቀው ድምፅ ላይ ይደገፍ፤ በእነዚህ ላይ ፍሬትና ተፈጥሮ ይስማማሉ። ሌሎቹን ድምፆች በአጭሩ ነክቶ ይለፍ፤ አያስረዝማቸው።

ወፍራሙ ድምፅ እንዴት ይደርሰናል?

ብዙዎቹ ቤዝ ጊታሮች እንደ ክራር ክፍት የድምፅ ሣጥን የላቸውም። ከአውታሮቹ ሥር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ይገኛል። የብረት አውታር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ስለሚለዋውጥ በሽቦው ውስጥ በዚያው ድግግሞሽ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህም ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ክስተት ነው። ናይለን አውታር ብናስርበት ይህ ማግኔት ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው።

የ41.2 ኸርዝ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚኖረው የሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ነው። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ሞገድ በሚገባ ሊገፋ አይችልም። ሆኖም በትንሽ ሬዲዮ እንኳ የቤዙን ዜማ እንከተላለን። አውታሩ ከ41.2 ጋር 82.4ን፣ 123.6ንና 164.8ን የመሳሰሉ ሃርሞኒኮችን ስለሚያወጣ አእምሯችን ከእነርሱ በመነሣት የጠፋውን መነሻ ድምፅ ይገምተዋል። ነገር ግን ተማሪው የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ለማግኘት ሲል ቤዝ ጊታሩን ከቤት ሬዲዮ ጋር አያይዞ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ ማድረግ የለበትም፤ የድምፅ ማጉያው ይበላሻል። ለቤዝ የተሠራ ማጉያ እስኪያገኝ ድረስ በዝግታ መለማመድ ይሻላል።

ለሙከራ

1. ባገኙት ቤዝ ጊታር ላይ ከላይ ድጋፉ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ርቀት ይለኩና በ2 ያባዙት። ውጤቱን ለ17.817 ያካፍሉ። ያገኙት ቁጥር የ1ኛው ፍሬት ርቀት ነውን?

2. 98 ኸርዝ የሆነችው ሶል በ20 ፍሬት መሣሪያ ላይ በአራት ቦታዎች ትገኛለች። ደንብ «ሀ»ን ወደ ኋላ በመጠቀም አራቱንም ይፈልጉ።

3. የትዝታን አምስት ድምፆች ሳይለውጡ መነሻውን ዶ ሳይሆን ላ አድርገው ይጫወቱ፤ ርምጃዎቹንም ይጻፉ። የትኛውን ቅኝት አገኙ?

የሁለተኛው መልስ፦ ያልተጫነው የሶል አውታር፣ የሬ 5ኛ፣ የላ 10ኛ እና የሚ 15ኛ ፍሬት። የሦስተኛው፦ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2፤ ይኸውም ባቲ ነው። ድምፆቹ አንድ ሆነው ሳለ ስሜቱ ለምን እንደተለወጠ ግን ቀመሩ አይነግረንም፤ ዜማው በየትኛዋ ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ አዳምጦ መረዳት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ቦታ ስሌት ያሳየናል፤ ከሌሎች ጋር እንዴት እንደሚስማሙ የምንማረው ግን በጆሯችን ነው።